የእኔ ልብ ስድሳ አያውቅም

እህቴ ሆስፒታል በተኛች ሰሞን ሊጠይቋት ከመጡት ዘመዶቻችን አንዷ በሩ አጠገብ ቆማ ከንፈሯን መጠጠችና «ያም ልብ አልሆናት እንግዲህ» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ፣ ከአያት ድረስ በሁለት ታክሲ ተንገላታ ነው የመጣችው። ያዘነችውም ከአንጀቷ ነው። ግን ያ ንግግሯ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ቡና ስጠጣ ይመጣል፣ ሌሊት ስነቃ ይመጣል። በጊዜው የምመልስላት አልነበረኝም። ሆናት ወይስ አልሆናት ለማለት መጀመሪያ የተተከለ ልብ እንዴት እንደሚመታ ማወቅ ነበረብኝ። አሁን በመጠኑም ቢሆን አውቄአለሁ። ይህን የምጽፈው ለእሷ መልስ እንዲሆን ነው፤ እንደ እሷ ለሚያዝኑና ለሚሰጉም ሁሉ።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ የልቧ ጡንቻ እየደከመ ሄደ፤ መድኃኒቱ ሁሉ ተሞከረ፤ በመጨረሻ የሌላ ሰው ልብ ተተከለላት። ስለ ለጋሹ የተነገራት ወጣት ወንድ መሆኑ ብቻ ነው። እማዬ በዚያ ጊዜ አራት ኪሎ ሥላሴ ደጅ ስትጠና ከረመች። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ሲባል «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ብላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት እዘላቸዋለሁ፤ ደህና ነበረች።

ስድሳ

ለፋሲካ መጣች። ጠዋትና ማታ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ስልኳ ይጮኻል። ታክሮሊመስ የሚባለውን መድኃኒት የምትወስድበት ሰዓት ነው፤ ሰውነቷ ልቡን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይዋጋው የሚያደርገው እሱ ነው። የመከላከል አቅሟ ሆን ተብሎ ስለሚቀነስ ጥሬ ሥጋ አትነካም። ጾም ሲፈታ ክትፎው ለብለብ ብሎ ሲቀርብ የእሷ ድርሻ ተመልሶ እሳት ላይ ይጣዳል። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ለምዶታል፤ ማንም አይጠይቃትም።

አንድ ቀን አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ ፋርማሲ ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ልንገዛ ገባን። እማዬ ከተለካች በኋላ እታለምም ክንዷን ዘረጋች። ግፊቷ ደህና ነበር፤ የልብ ምቷ 58። ፋርማሲስቱ ደስ ብሎት «የስፖርተኛ ልብ ነው ያለሽ» አላት። እማዬ «ተመስገን» አለች። እታለም ግን ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ቆማ አየችው፤ እንደገና እንዲለካትም ጠየቀችው። ያው ነው። ደጅ እንደወጣን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእኔ ልብ ስድሳ አያውቅም» አለችኝ።

ለምን እንደማያውቅ ያስረዳችኝ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት እየሄድን፣ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። የእኛን ልብ ከአንጎል የሚወርዱ ሁለት ዓይነት ነርቮች ያዝዙታል። አንዱ ያፈጥነዋል። ሌላው፣ ቬገስ የሚሉት፣ ያረጋጋዋል፤ ቁጭ ስንልና ስንተኛ ምታችንን ወደ 60 እና 70 የሚያወርደው እሱ ነው። ልብ ከአንድ ሰው ወጥቶ ሌላ ሰው ደረት ውስጥ ሲገባ ሐኪሞቹ ደም ሥሮቹን ይሰፋሉ። ነርቮቹ ግን ተቆርጠው ይቀራሉ። ስለዚህ የተተከለ ልብ የሚያረጋጋው የለውም፤ ባለቤቱ ጋደም ብሎ እያለ እንኳ በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ጊዜ ይመታል። ለእሱ ዕረፍት ማለት ያ ነው። ለእኔ 58 ጤንነት ነው፤ ለእሷ ግን አንድ የማይታወቅ ነገር ልቧን ወደኋላ እየጎተተው ነው ማለት ነው።

የሚያፈጥነውም ነርቭ የለም። እታለም ዳገት ስትጀምር ልቧ ወዲያው አይሰማም። አድሬናሊን ደም ውስጥ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ልቧ ጋ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ስልኩ ተቆርጦ መልእክት በሰው እጅ እንደሚላክ ማለት ነው። ለዚህ ነው ደረጃ ስትወጣ መጀመሪያ ላይ የምትዘገየው፤ ከላይ ደርሳ ቁጭ ካለች በኋላም ልቧ ለጥቂት ጊዜ በፍጥነት የሚመታው። ሕመምም እንደዚሁ ነው። የልብ ደም ሥር ሲጠብ እኔን ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ እሷን ብዙውን ጊዜ ላይነግራት ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህ ልብ ግን አልደበቀም፤ የሚናገርበት መንገድ ነው የተቆረጠበት። የቀረው አንደበት ቁጥሩ ነው፤ በዚያን ቀን ቁጥሩ ተናግሮ ነበር፤ ከመካከላችን የሰማችው እሷ ብቻ ነች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሜሪላንድ ላሉት ሐኪሞቿ ጻፈችላቸው። ሳትዘገይ ኢሲጂ፣ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ምርመራ፣ እንድትነሣ መለሱላት። በማግስቱ ጠዋት ፒያሳ ወዳለ ክሊኒክ ስንሄድ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፖስታ ቤቱ አጠገብ፣ መኪናው ተጨናነቀና ቆመ። ትንሽ ነው የቀረው ብለን ወረድን። ዳገቱን ጥቂት እንደወጣን ክንዴን ያዘች፣ ከዚያ እጇ ላላ፣ ከዚያ ወደቀች።

አዲስ አበባ ሰው ሲወድቅባት ትሰበሰባለች። «ስኳር አለባት?» «ውኃ አምጡ» «አየር ስጧት፣ ዞር በሉ» «በስመ አብ በሉባት እንጂ»። አንድ ሊስትሮ መቀመጫውን አምጥቶ እግሯን ከፍ አድርጎ አስቀመጠላት፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም፣ ትክክል ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችው ቦርሳዋን ነው። መድኃኒቷና የሕክምና ወረቀቷ እዚያ ውስጥ ናቸው። አንድ የራይድ ሹፌር ያሳፈረውን ሰው አስወርዶ ወሰደን። ያ የወረደውም ሰው በሩን የከፈተልን እሱ ነው።

ከስፌቱ ማዶ

ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ምቷ 38 ነበር። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ንግግሩ የተረጋጋ። ልቡ ለዘገየ ሰው ማንኛውም ሐኪም እንደሚያደርገው አትሮፒን በመርፌ ቀዳ። እታለም የተኛችበት ሆና እጇን አነሣች፤ «ዶክተር፣ አትሮፒን ለእኔ አይሠራም። የተተከለ ልብ ነው።»

ሐኪሙ ቆመ። አትሮፒን የሚሠራው የቬገስን ጫና በማንሣት ነው፤ ቬገስ በሌለበት ምን ያነሣል? እንዲያውም በአንዳንድ የተተከሉ ልቦች ላይ የባሰ መቋረጥ ስለሚያመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ነርቮቹ ተመልሰው ማደጋቸው ካልታወቀ በቀር እንዳይሰጥ ይላል። ወጣቱ ይህን ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ያየሁት መርፌውን ሳሕኑ ላይ መልሶ ማስቀመጡን ነው። «እሺ እታለም፣ ልክ ነዎት» አለና ስልኩን አንሥቶ የልብ ስፔሻሊስት ጠራ። እኔ ስጠራት ሰምቶ ነው እታለም ያላት። የተኛ በሽተኛ ተናግሮ፣ የቆመ ሐኪም ሰምቶ እጁን ሲሰበስብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለዚያ ልጅ ያለኝን አክብሮት እስካሁን የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም።

ስፔሻሊስቷ መጣች። የኢሲጂውን ረጅም ወረቀት አልጋው ላይ፣ እታለም ጉልበት ላይ ዘረጋችው። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ ከሥር ነጥብ ታደርግ ጀመር። ትልልቆቹን ሹል መስመሮች ሳይሆን በመካከላቸው ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች ነበር የምትቆጥረው። እነዚያ ጉብታዎች የልብ የላይኛው ክፍል የሚመታባቸው ናቸው። በጤናማ ሰው አንድ ትንሽ ጉብታ፣ ከኋላው አንድ ትልቅ ሹል ይኖራል፤ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ።

«ይመልከቱ» አለችኝ። «እነዚህ ከኋላቸው ትልቁን ያስከትላሉ። እነዚህኞቹ ግን ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ የሚከተላቸው የለም።»

«ምንድን ናቸው?»

«የድሮ ልቧ ናቸው።»

እታለም ከትራሱ ቀና አለች። እኔም የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። ልብ የሚተከልበትን የቆየውን ዘዴ ኖርማን ሻምዌይና ሪቻርድ ሎወር ስታንፎርድ ውስጥ በውሾች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1960 አሳወቁ። ክርስቲያን ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1967 ኬፕታውን፣ ግሩት ስኩር ሆስፒታል ውስጥ ከሰው ወደ ሰው የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ ሲያደርግ የተከተለውም መሠረቱ ይኸው ነው። (ያ በሽተኛ 18 ቀን ኖሮ በሳንባ ምች ነው የሞተው፤ ልቡ ግን እስከዚያው ይመታ ነበር።) በዚህ ዘዴ የታማሚው ልብ ሲወጣ የላይኛው ክፍል ጀርባው ይተዋል፤ አዲሱ ልብ በእሱ ላይ ይሰፋል። ስፌቱ አጭር፣ ሥራውም ፈጣን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ሌላው ዘዴ ከቀኝ በኩል ያለውን የድሮ ሥጋ አብዛኛውን አውጥቶ ትልልቆቹን ደም መላሾች በቀጥታ ይሰፋል። ለእታለም ሐኪሞቿ የቆየውን ነበር የመረጡት።

የቀረው ቁራጭ ሞቶ አይቀርም። የተወለደችበት ልብ ምት የሚያስነሣው ነጥብ፣ ሳይነስ ኖድ፣ እዚያ ውስጥ አለ፤ ነርቮቹም አልተቆረጡም። እናም ይመታል። ግን ምቱ ስፌቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ወዲያ ማዶ ያለው ልብ የራሱ ሳይነስ ኖድ አለው፤ የሚታዘዘው ለእሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ሐኪሟ እስካሁን የሚያባንነኝን ነገር አሳየችን። ብቻቸውን የሚሄዱትን ጉብታዎች ርቀት ለካች፤ በደቂቃ ከመቶ በላይ ነበሩ። ሌሎቹ አርባ አይሞሉም። «ፈርተዋል አይደል?» አለቻት። «የድሮው ቁራጭ ፍርሃትዎን ሰምቷል። ደም ሲያንስ ሰውነትዎ "ፍጠን" ብሎ አዝዟል፤ ትእዛዙም ደርሶ ተፈጽሟል። የተፈጸመው ግን ደም በማይረጨው ቁራጭ ላይ ነው።»

ወረቀቱን እታለም ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «እኔ ሞቷል ብዬ ነበር» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ለዘመዳችን ልመልስላት የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሁላችንም የአንድ ልብ ድካም እያየን መስሎን ነበር። ወረቀቱ ላይ የነበረው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ልብ ብርቱ ነው፤ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ሲታይ ደም የመግፋት ኃይሉ እንደ ጎልማሳ ልብ ነው። እህቴም ሰውነቷ አልሰነፈም፤ ጮኾ ተጣርቷል። በሁለቱ መካከል አንዲት ቀጭን የስፌት መስመር አለች፤ ትእዛዝ አያልፋትም። በጤናው ዘመን አዲሱ ልብ ያለ ትእዛዝም ከበቂ በላይ ይመታ ስለነበር ይህ ክፍተት አልታወቀም። የራሱ ሳይነስ ኖድ ሲደክም ታወቀ። ስለዚህ የጎደለው ልብ አይደለም፤ ከማዶ ቆሞ ምቱን የሚያስነሣለት ነው።

ብረት በሰው ስጦታ ላይ

ያ ነጥብ ለምን ይደክማል? ከንቅለ ተከላው በኋላ ባሉት ሳምንታት ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ ልቡ ከሰው ወደ ሰው ሲጓዝ ያለ ደም የቆየበት ሰዓት፣ የቀዶ ሕክምናው ጉዳት፣ ከዚያ በፊት የተወሰደ አሚዮዳሮን የመሰለ የልብ ምት መድኃኒት። ከእነዚህም ብዙዎቹ በራሳቸው ይመለሳሉ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሲመጣ ግን ሁለት ክፉ ነገሮች ይፈራሉ፤ አንዱ ሰውነት ልቡን መዋጋት መጀመሩ፣ ሌላው የተተከለው ልብ ደም ሥሮች ቀስ በቀስ እየጠበቡ መሄዳቸው። ስለዚህ ምቱን ከማስተካከል ጎን ለጎን እነዚህን መፈለግ ነበረባቸው። ደም ተቀዳ፣ የታክሮሊመሱ መጠን ታየ። ነርሶቹ የመድኃኒቱን ስም ሰምተው አልደነገጡም፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት መተከል ከጀመረ ወዲህ ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በከተማችን አሉ። ልብ ያልተተከለበት አገር ከኩላሊት ያገኘው እውቀት ለእህቴ ደረሰላት።

ምቷን ለጊዜው ከፍ ያደረገላት አሚኖፊሊን ነው። እማዬ የመድኃኒቱን ስም ከሲስተሯ ስትሰማ «ይኼ የአስም መርፌ አይደለም እንዴ? እህቴ ስንት ጊዜ ተወግታዋለች» አለች። ነው። ርካሽ፣ የቆየ፣ በየጤና ተቋሙ የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ሰውነት ውስጥ አዴኖሲን የሚባል፣ ልብን የሚያዘገይ ነገር አለ፤ ነርቭ የሌለው ልብ ደግሞ ለእሱ ከሌላው ይበልጥ ስስ ነው። አሚኖፊሊን ያንን ይከለክላል። አመሻሽ ላይ ሞኒተሩ ላይ 70ዎቹን አየን። እማዬ ነጠላዋን አመሳቅላ «እሱ ሳይደግስ አይጣላም» አለች።

ሌሊት ላይ ግን ሞኒተሩ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበር። ሦስት ሰከንድ፣ አራት ሰከንድ። አራት ሰከንድ አጭር የሚመስለው እህቱ አጠገብ ላልተቀመጠ ሰው ነው። የእኛዋ ሐኪም ከሜሪላንዶቹ ጋር በስልክ ተነጋገረች፤ እነሱ ሰባት ሰዓት ወደኋላ ስለሆኑ የእኛ እኩለ ሌሊት የእነሱ የቀትር በኋላ ነው። ተስማሙ። በዚህ ሁኔታ አውሮፕላን አትሳፈርም፤ ፔስሜከር፣ ምት የሚያስነሣ ባለ ባትሪ መሣሪያ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ይገባላታል።

እማዬ አልተቀበለችውም። የተቃወመችበት ምክንያት ሁላችንንም አስደነቀን። ቀዶ ሕክምናውን ፈርታ አልነበረም። «ሰው ልጁን ቀብሮ የሰጣት ልብ ነው» አለች። «እኛ ጋ መጥቶ ባትሪ ተቀጠለበት ሲባሉ ምን ይሉናል? አልጠበቅንላቸውም ማለት እኮ ነው።» የማታውቃት የአንዲት ፈረንጅ እናት ፊት አፍራ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አስቤአለሁ። የተሰጠን ነገር ሲታመም ስጦታው ያነሰ፣ ወይም ተቀባዩ ያልተገባው ይመስለናል። ዘመዳችን ከንፈሯን የመጠጠችውም፣ እማዬ ያፈረችውም ከዚሁ ነው። እኔ ግን ልብ ለሰው የሚሰጠው እንደ ጌጥ እንዲጠበቅ ነው ብዬ አላምንም። እንዲኖሩበት ነው። የሚኖሩበት ነገር ሁሉ ይጠገናል። መጠገኑም የሰጪውን ክብር አይነካም፤ የሚነካው ዝም ብሎ ማየት ነው።

እማዬን ያሳመናት ግን የእኔ ንግግር አይደለም። ከዚያው ክፍል ማዶ አልጋ ላይ ከደብረ ብርሃን የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ባትሪ ከተገጠመላቸው ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ሊታይላቸው ነበር የመጡት። ሸሚዛቸውን ገልጠው ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ደረታቸው ላይ ቆዳቸው ሥር ያለችውን ጠፍጣፋ ነገር አሳዩዋት። «ልቤን አልነካችውም እመቤቴ» አሏት። «እሱ ሲመታ ዝም ትላለች። ሲረሳ ነው የምትነሣው።» ከዚያ ወዲያ እማዬ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

እኚህ ሰው ለባትሪያቸው በእርዳታ እስኪመጣላቸው ድረስ ብዙ ወራት ጠብቀዋል። በየመንገዱ ራሳቸውን እየሳቱ ነው የጠበቁት። የእህቴ ግን ከውጭ በመጣ ገንዘብ በቀናት ውስጥ ተገዛ። ይህን ሳልጽፈው ብቀር ጽሑፉ እውነት አይሆንም። በዚህች ከተማ ልቡ የሚዘገይ ሰው ሐኪም ያገኛል፤ ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቀው ዕቃውን ነው።

እኔም ለእማዬ የነገርኋት አንድ ታሪክ አለ። በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ፔስሜከር ሰውነቱ ውስጥ የተቀመጠለት አርነ ላርሰን የሚባል ስዊድናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ስቶክሆልም ውስጥ። መሐንዲሱ ሩኔ ኤልምክቪስት ሠራው፣ ቀዶ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ አስገባው። መሣሪያው ከጥቂት ሰዓታት በላይ አልቆየም። ሌላ ተተካ፤ ከዚያም ሌላ። ላርሰን በሕይወቱ ከ20 በላይ ፔስሜከር ተቀያይሮለት፣ መሐንዲሱም ቀዶ ሐኪሙም ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በ86 ዓመቱ ነው የሞተው፤ ያውም በካንሰር። እማዬ «ዕድሜ ይስጣት ለእኔም ልጅ» አለች።

ሥራው ከተለመደው ረዘመ። ሁለት ሽቦ ነው የሚገባው፤ አንዱ ለላይኛው ክፍል፣ አንዱ ለታችኛው። በሌላ በሽተኛ የላይኛውን ሽቦ ማስቀመጥ ከባድ አይደለም። በእህቴ ላይ ግን የላይኛው ክፍል ሁለት ነው፤ ሽቦው በስሕተት የድሮው ቁራጭ ላይ ቢቀመጥ ዕድሜ ልኩን ደም ለማይረጭ ሥጋ ይመታል። ከስፌቱ ወዲያ፣ የለጋሹ ክፍል ውስጥ መግባት አለበት። ሐኪሟ እንደነገረችኝ ትንሿን ኤሌክትሪክ እየላኩ ይሞክራሉ፤ ልቡ በሙሉ ተከትሎ ከመታ ቦታው ተገኝቷል። ያን ዓይነት ሰው እጃቸው ላይ ሲገባ የመጀመሪያቸው ነበር። መሣሪያውን በግራ ያስቀመጡትም በምክንያት ነው። የቀኝ አንገቷ ሥር ለዓመታት የልብ ናሙና የተወሰደበት መግቢያ ነው፤ ነገም ያስፈልጋል። ኢንፌክሽን ለእሷ ከማንም በላይ አደገኛ ስለሆነ አንቲባዮቲኩ ቆዳዋ ከመቀደዱ በፊት ተሰጣት፤ ከዚያ በኋላም ቁስሉን ስንጠብቅ የነበረው እንደ አራስ ነው።

ለሳምንታት የግራ ክንዷን ከትከሻ በላይ እንዳታነሣ ተከለከለች። ጸጉሯን እማዬ ትሠራላት ነበር። ከዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ያው ፍተሻ ነው፤ ባንክ፣ ሕንፃ፣ ሆቴል። በሚያንጫጫው የእጅ መፈተሻ ዘበኛው ደረቷ ጋ ሲደርስ ካርዷን ታሳያለች፤ መሣሪያው ላይ አጥብቆ ማቆየት አይመከርም። «ባትሪ አለብኝ» ስትል ብዙዎቹ ይገባቸዋል። አንዱ ዘበኛ «አባቴም አለው፣ እለፊ እናቴ» ብሎ በእጁ አሳለፋት።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ዳገቱ ነው። ፔስሜከሩ ውስጥ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚለይ ነገር አለ። እታለም መራመድ ስትጀምር አድሬናሊኑ ዞሮ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ምቷን ከፍ ያደርገዋል። እንከን የለሽ አይደለም፤ የሚያየው መንቀሳቀሷን እንጂ መድከሟን ስላልሆነ አንዳንዴ ቁልቁለት ላይ ከዳገቱ ይልቅ ይፈጥናል። ቢሆንም ቀዶ ሕክምና ካደረገችበት ዘመን ወዲህ እግሯና ልቧ አብረው የጀመሩበትን ቀን ያየሁት ከእንጦጦ በሚነፍሰው የጠዋት ብርድ፣ ጊዮርጊስ ስንሳለም፣ ደረጃው ላይ ነው። ሳትቆም ወጣች። ዞር ብላ አየችኝ።

ደብዳቤው

ሜሪላንድ ስትመለስ ናሙና ወሰዱ፣ ደም ሥሮቹንም አዩ። ሰውነቷ ልቡን እየተዋጋ አይደለም፤ ደም ሥሮቹም አልጠበቡም። ነጥቡ ብቻ ነው የደከመው። ሐኪሟ ሌላም ነገር ነግሯታል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከዓመታት በኋላ የሚያፈጥኑት ነርቮች በከፊል ተመልሰው ወደ አዲሱ ልብ ያድጋሉ። በእሷ ላይ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም።

እዚያ አገር ተቀባዩ ለለጋሹ ቤተሰብ መጻፍ ይችላል። ደብዳቤው የአካል ልገሳውን በሚያስተባብረው ድርጅት በኩል ያልፋል፤ ማንነትን የሚገልጽ ነገር አይኖረውም። እታለም ከዓመታት በፊት አንዴ ጽፋ ነበር፤ መልስ አልመጣም። በዚህ ክረምት እንደገና ልትጽፍ ፈለገችና አንድ ነገር ከበዳት። ስለ ባትሪው ትንገራቸው ወይስ ትተወው? በስልክ ብዙ ተከራከርን። እኔ ንገሪያቸው አልኩ። ባሏ ለምን ታሳዝኚያቸዋለሽ አለ። እሷ ራሷ ከሁለታችንም ጋር ትስማማ ነበር።

እማዬ ስልኩን ተቀበለችን። «ጻፊላቸው» አለቻት። «ልጇን የቀበረች ሴት ብረት ገባ አልገባ አትልም። ይመታል ወይ ነው የምትለው። ይመታል በያት። ሲደክም ዝም አላልነውም በያት።»

በእንግሊዝኛ ጻፈችው፤ ከመላኳ በፊት ለእማዬ በአማርኛ አነበበችላት። የልጃችሁ ልብ ይመታል ይላል። ባለፈው ፋሲካ በአገሬ ሳለሁ ዘገየብኝ፤ የአገሬ ሐኪሞች ምቱን የሚጠብቅለት ትንሽ መሣሪያ አስገቡለት፤ አሁን ዳገት አብረን እንወጣለን ይላል። እማዬ አንድ ነገር አስጨመረች፤ የልጁን ስም ባናውቀውም በየዓመቱ በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሻማ እንደምታበራለት።

ደብዳቤው ሐምሌ ላይ ተልኳል። ድርጅቱ ለቤተሰቡ ማድረሱን አሳውቋታል። መመለስም አለመመለስም የእነሱ ፈንታ ነው።